ደብዳቤ ለልጄ፦ አክስትሽ ደንቆሮ አልነበረችም

ይድረስ ለልጄ፣

ባለፈው በስልክ የተናገርሽው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ስለ ኮሮና ክትባት እያወራን «ያኔ ሲጠራጠሩ የነበሩት እኮ ደንቆሮዎች ናቸው» አልሽኝ። «አክስቴን ጨምሮ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን አልተዋጠልኝም። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ አንቺ ስምንተኛ ክፍል ነበርሽ። ትዝ የሚልሽ የትምህርት ቤቱ መዘጋትና ጭንብሉ ነው። አሁን ግን ነርስነት እየተማርሽ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሰው እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን የሚሰጠው ላንቺ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብትሰሚው ይሻላል። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፣ ዜናው ሁሉ በዚያ ስለነበር።

ከተስፋው ልጀምር። ኖቬምበር 9 ቀን 2020 ፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባታቸው ከ90 በመቶ በላይ እንደሚከላከል ተናገሩ። ቢሮ ነበርኩ። አንዷ ባልደረባችን ስልኳን እያየች «ተገኘ!» ብላ ጮኸች። ርቀት መጠበቁን ረስተን ተቃቀፍን። እናቱን በሆስፒታል መስኮት የተሰናበተ ሰው እዚያ መሀላችን ነበር። እሱ አልጮኸም፣ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝርዝሩ ወጣ። ሙከራው ላይ ወደ 43 ሺህ ሰው ተሳትፏል። ግማሹ ክትባቱን ተወጋ፣ ግማሹ ምንም የሌለበት የጨው ውሃ። ማን ምን እንደተወጋ ተወጊውም በኋላ የሚመረምረው ሐኪምም አያውቅም። ከዚያ ማን ይታመማል ተብሎ ተጠበቀ። 170 ሰው ታመመ። ከእነዚህ 162ቱ የጨው ውሃ የተወጉት ናቸው። ከተከተቡት የታመሙት 8 ብቻ ነበሩ። ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሁን እንጃ፣ ከመቶኛው ይልቅ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው እኔን ያሳመኑኝ።

አክስትሽን ግን አላሳመኗትም። ማታ ደወለችና «ኤድስ ከመጣ ስንት ዘመኑ ነው? እስካሁን ክትባት የለውም። ይሄ እንዴት ባንድ ዓመት ተገኘ?» አለችኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ የደንቆሮ ጥያቄ ነው? እኔ እንደሆነ የምመልስላት አጥቼ «ነገ እደውልልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

መልሱን ያገኘሁት እያነበብኩ ነው። የኤችአይቪ ቫይረስ ሴላችን ውስጥ ገብቶ ከራሳችን ዲኤንኤ ጋር ይሰፋል። በዚያ ላይ መልኩን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል። ሰውነታችን ራሱ አሸንፎ ሊያስወጣው አይችልም ማለት ይቻላል። ኮሮና የያዘው አብዛኛው ሰው ግን ይድናል። ሰውነት ብቻውን ሊያሸንፈው የሚችለውን በሽታ ደግሞ አስቀድሞ እንዲያውቀው በክትባት ማስተማር ይቻላል። ሌላው ደግሞ ሳይንቲስቶቹ ከዜሮ አልተነሱም። የዚህ ቫይረስ ዘመዶች የሆኑት ሳርስ በ2002፣ ሜርስ በ2012 መጥተው ስለነበር፣ ቫይረሱ ሴል ላይ የሚጣበቅበትን ሾህ የመሰለ ፕሮቲን ለዓመታት ሲያጠኑት ቆይተዋል። ለዚህ ነው የቫይረሱ የዘረመል ቅደም ተከተል ጃንዋሪ 2020 ላይ ይፋ ሲሆን የሞደርና ክትባት ንድፍ በቀናት ውስጥ ያለቀው። ማርች 16 ላይ የመጀመሪያው ሰው ተወጋ።

የፋይዘርና የሞደርና ክትባት የተሠራበት ኤምአርኤንኤ፣ ማለት ሴላችን ምን ፕሮቲን እንዲሠራ መመሪያ የሚያደርሰው ነገር፣ ራሱም የትናንት አይደለም። ካታሊን ካሪኮ የምትባል የሃንጋሪ ተወላጅ ዕድሜዋን የፈጀችበት ሥራ ነው። በጀት የሚሰጣት አጥታ፣ ዩኒቨርሲቲዋም ከደረጃዋ ዝቅ አድርጓት ነበር። ከባልደረባዋ ከድሩ ዋይስማን ጋር ቁልፉን ግኝት ያሳተመችው በ2005 ነው፤ ኖቤል የተሸለሙት በ2023። በነገራችን ላይ «ዲኤንኤ ይቀይራል» ለሚሉሽ፣ ዲኤንኤ ያለበት የሴሉ እምብርት ውስጥ አይገባም። መመሪያውን ካደረሰ በኋላ እንደተነበበ ወረቀት ተቀዳዶ ይጣላል። ክትባቱ ውስጥ ቺፕ አለ በሚለው ወሬ ግን ጊዜ አናጥፋ።

ከዚያ በፊት ፈጣን ይባል የነበረው የጆሮ ደግፍ ክትባት ነው፣ አራት ዓመት። ታሪኩ ደስ ስለሚለኝ ልንገርሽ። ሞሪስ ሂልማን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበር። በ1963 አንድ ሌሊት ጄሪል ሊን የምትባለው ትንሿ ልጁ ጉንጯ አብጦ ትቀሰቅሰዋለች። አባት ምን ያደርጋል ብለሽ ነው? ጉሮሮዋን በጥጥ ጠርጎ ናሙናውን ይዞ ወደ ላብራቶሪ ሄደ። ክትባቱ በ1967 ፈቃድ አገኘ። ሲሞከር ከተወጉት ሕፃናት አንዷ የጄሪል ታናሽ እህት ነበረች። ዛሬም ድረስ የዚያ ቫይረስ ዝርያ ስም ጄሪል ሊን ነው። የራሱን ልጅ ያስወጋ ሰው ስለሆነ አመንኩት። አየሽ፣ እምነት ሁልጊዜ ከቁጥር አይመጣም።

ወደ ፍጥነቱ ልመለስ፣ አክስትሽን የከነከናት እሱ ነበርና። በድሮው አሠራር አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመጠበቅ ነው። ትንሹ ሙከራ ያልቃል፣ ከዚያ ብር ይለመናል። ብሩ ሲገኝ ትልቁ ሙከራ ይጀመራል። ውጤቱ ይጻፋል፣ ፋይሉ የተቆጣጣሪዎች ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ሲፈቀድ ገና ፋብሪካ ይሠራል። በ2020 መንግሥታት ብሩን አስቀድመው አፈሰሱ። የሙከራ ደረጃዎቹ ተደራረቡ። ክትባቱ ይሠራ አይሠራ ሳይታወቅ ማምረት ተጀመረ፤ ካልሠራ ሊደፉት። በሽታውም በየቦታው ስለነበር 170 በሽተኛ ለማግኘት ዓመታት መጠበቅ አላስፈለገም። የተሳታፊው ቁጥር ግን አልተቀነሰም። ሴፕቴምበር ላይ የአስትራዜኔካ ሙከራ ተሳታፊ የነበረች አንዲት ሰው ስለታመመች ሥራው ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ «አየህ፣ አደገኛ ነው» አለ። እኔን ደግሞ ያረጋጋኝ እሱ ነው። ለአንድ ሰው ሲሉ የሚቆሙ ከሆነ እየተመለከቱ ነው ማለት ነው። ሩሲያ ግን ስፑትኒክ የተባለ ክትባቷን ኦገስት 11 ላይ የፈቀደችው ትልቁ ሙከራ ገና ሳይጀመር ነው። በኋላ በታተመው ውጤት ክትባቱ ጥሩ ሆኖ ታየ፤ ቢሆንም ያን ዕለት የጠረጠረው ሰው ልክ ነበር።

አሁን ደግሞ ለተጠራጣሪዎቹ ልሟገት። በገንዘብ የማይገዛ አንድ ነገር አለ፣ እሱም ጊዜ ነው። 40 ሺህ ሰው ላይ ብትሞክሪ፣ ከመቶ ሺህ አንድ ሰው የሚያገኝ ጉዳት ላይታይሽ ይችላል። የሆነውም ይኸው ነው። የአስትራዜኔካ ክትባት በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ አደገኛ የደም መርጋት እንደሚያመጣ የታወቀው በ2021 ሚሊዮኖች ከተወጉ በኋላ ነው። ብዙ አገሮች ለጊዜው አቆሙት፣ አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ብቻ አደረጉት። የፋይዘርና የሞደርናም ክትባት፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ፣ አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ መቆጣት አመጣ። አብዛኞቹ ድነዋል። በአጠቃላይ ሲታይ በሽታው ራሱ ከዚህ የባሰ ልብ ይጎዳል። ግን «ገና ያልታየ ነገር ይኖራል» ያለው ሰው አልቀባጠረም።

ታሪክም ይደግፈዋል። በ1976 አሜሪካ ውስጥ አንድ ወታደር በአሳማ ጉንፋን ሞተ። ወረርሽኝ ሊመጣ ነው ተብሎ ክትባት በጥድፊያ ተሠራ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ራሳቸው ካሜራ ፊት ተከተቡ። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተወጋ። ከመቶ ሺህ አንድ ገደማ ተከታቢ ላይ ጉሊያን ባሬ የሚባል የነርቭ በሽታ ስለታየ ዲሴምበር ላይ ሥራው ቆመ። ወረርሽኙ ደግሞ ጭራሽ ሳይመጣ ቀረ። ይህን የሚያስታውስ ሽማግሌ በ2020 ቢያመነታ ምን ትይዋለሽ?

እኔ እንደሚመስለኝ አመኔታውን ክፉኛ የጎዳው የጎንዮሽ ጉዳቱ አይደለም። ከልክ በላይ ተስፋ መሰጠቱ ነው። ትልልቆቹ ሙከራዎች በዋናነት የለኩት የተከተበ ሰው መታመም አለመታመሙን ነው። ቫይረሱን ለሌላ ማስተላለፍ አለማስተላለፉን አልነበረም። ባለሥልጣኑም ጋዜጠኛውም ግን «ተከተብ፣ አይዝህም፣ አታስይዝም» እያለ አወራ። ከዚያ አዳዲሶቹ የቫይረሱ ዝርያዎች፣ ዴልታ መጣ፣ ኦሚክሮን መጣ፣ የተከተበው ሁሉ ጉንፋን እንደያዘው ያስነጥስ ጀመር። ክትባቱ በጽኑ ከመታመምና ከመሞት መከላከሉን አላቆመም ነበር። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ቢያንስ 14 ሚሊዮን ሞት እንዳስቀረ ገምተዋል። ግን የተዋሸ የመሰለው ሰው ይህን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። እኔ በዚህ እስካሁን እናደዳለሁ። «ከሞት ያድንሃል፣ መያዙን ግን እናያለን» ቢሉን ምን ይጎድል ነበር?

ሌላም አለ። ሀብታሞቹ አገሮች ቀድመው ለሕዝባቸው ከሚበቃው በላይ ገዙ። ለድሆቹ የደረሰው አንዳንዱ መጠቀሚያ ቀኑ ሊያልፍ ትንሽ የቀረው ነበር። ማላዊ በሜይ 2021 ጊዜው ያለፈበትን ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ዶዝ በአደባባይ አቃጠለች፤ የምንሰጣችሁ ያለፈበት አይደለም ብላ ሕዝቧን ልታሳምን። የተራረፈ የሚላክለት ሰው ቢጠረጥር ምን ይገርማል።

አሁን ስለ አክስትሽ የማታውቂውን ልንገርሽ። ፔኒሲሊን ፊቷን እንደሚያሳብጠው ታውቂያለሽ። እንግሊዝ ውስጥ ክትባቱ በተጀመረ ቀን አለርጂ ያለባቸው ሁለት የጤና ባለሙያዎች ተወግተው እንደታመሙ፣ በኋላም እንደተሻላቸው ዜና ላይ ሰምታለች። መጀመሪያ ቀን ሄደን ይህን ስትጠይቅ፣ ነርሷ ቀና ብላ ሳታያት «እናቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ትወጊያለሽ አትወጊም?» አለቻት። አክስትሽ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ለወራት አልተመለሰችም።

ሌላ ቀን ለምኜ ወሰድኳት። ሌላ ነርስ ነበር፣ ወጣት ልጅ። ብልቃጡን ከበረዶ ሳጥኑ አውጥቶ ጽሑፉን አስነበባት። «የፔኒሲሊን አለርጂ ይሄን አይከለክልም» አላት። «ግን ሌላው ሰው 15 ደቂቃ ሲቀመጥ አንቺ 30 ትቀመጫለሽ፣ እኔም አጠገብሽ ነኝ። መድኃኒቱም ይኸው» ብሎ አድሬናሊኑን አሳያት። «ካምስት ዓመት በኋላስ?» አለችው። «አምስት ዓመት የቆየ የለም። ከክትባት የሚመጣ ችግር ግን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው የሚታየው» አላት። ዝም አለች። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሳበች። ሠላሳውን ደቂቃ ሙሉ ሰዓቷን ስታይ ነበር፤ ልጁም በየመሀሉ እየመጣ ፊቷን ያይ ነበር።

አሁን ሴፒ የሚባል፣ ለወረርሽኝ ክትባት ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት አለ ብለሽ ነግረሽኝ ነበር አይደል። ለሚቀጥለው ወረርሽኝ በ100 ቀን ክትባት እናድርስ ብለው ግብ አስቀምጠዋል። አንድ ዓመቱ ይህን ሁሉ ካስጠረጠረ መቶ ቀኑን አስቢው። ያን ጊዜ ብልቃጡን የምትይዢው አንቺ ትሆኛለሽ። እኔም እወቂው፣ ከመወጋቴ በፊት ደውዬ በጥያቄ ነው የማደርቅሽ። አክስትሽም መስመሩ ላይ ትኖራለች።

ፈተናሽ ሲያልቅ ደውይልኝ። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፣ ምግብ አትዝለይ ይልሻል።

የምትወድሽ እናትሽ