ካርቦን ከመሸጣችን በፊት

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ደን አልምቶ ዛፉ ከአየር የሰበሰበውን ካርቦን ለሚገዛ ስለ መሸጥ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩን እንደ አዲስ የገቢ ምንጭ ብቻ ማየቱ ቅር አሰኝቶኛል። እኔ እዚህ ድሬዳዋ በሲሚንቶ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ብዙ ሰው ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን የነዳጁ ብቻ ይመስለዋል። የኖራ ድንጋዩ ራሱ ምድጃ ውስጥ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲያውም የድንጋዩ ነው። ነዳጅ ቢቀየርም እሱ አይቀርም። ፋብሪካ እንዝጋ አይባል ነገር፣ ቤት የሚሠራው በሲሚንቶ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ችግር የልቀት ፈቃድ ግብይት ጥሩ ዘዴ ነው ብዬ አምናለሁ። መንግሥት ለጠቅላላው የካርቦን ልቀት ጣሪያ ያበጃል፤ በዚያው ልክ የመልቀቂያ ፈቃድ ያወጣል፤ ጣሪያውን በየዓመቱ ዝቅ ያደርጋል። በርካሽ መቀነስ የቻለ ፋብሪካ የተረፈውን ፈቃድ ይሸጣል፣ የከበደው ይገዛል።

ጣሪያው ከላላ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀምሩ ፈቃዱን አትረፍርፈው አደሉት። በ2007 ዋጋው ወርዶ ወርዶ ዜሮ አካባቢ ደረሰ። በኋላ አጠበቁት። በ2023 የአንድ ቶን ዋጋ 100 ዩሮ አለፈ፤ በሥርዓቱ የታቀፉት ኃይል ማመንጫዎችና ፋብሪካዎች ልቀትም ከ2005ቱ በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

እኛ የምንሸጠው ሌላ ነው፤ ደን ነው። ወላይታ ሁምቦ ላይ ተራቁቶ የነበረ ተራራ፣ 2,700 ሄክታር ገደማ፣ መልሶ ደን ለብሶ ካርቦኑ በዓለም ባንክ በኩል ተሸጧል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ገዢው ግን ካርቦኑን መግዛቱን በሚያሳየው ወረቀት አሳብቦ ጭሱን እንዳለ የሚቀጥል ከሆነ፣ ከባቢ አየሩ ምን ቀለለው? ዛፍ ደግሞ ሊቃጠል ይችላል።

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በላብን። ያን ጎርፍ በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ አላሳብብም፤ ከላይ ያለው ተራራ ተራቁቷል። ዓለም በሞቀ ቁጥር ግን ዶፍ ዝናብ እንደሚበረታ የታወቀ ነው። አውሮፓ ከፈቃድ ጨረታ የምትሰበስበው በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ በአብዛኛው ወደ ራሷ አገሮች ካዝና ነው የሚገባው። ተደራዳሪዎቻችን ዛፍ ቆጥረው ከመሸጣቸው በፊት ከዚያ ገንዘብ ድርሻ ይጠይቁልን፤ ለወንዝ ዳር ግንብና ለተራራው እርከን የሚሆን። እናንተም አንድ ቶን ካርቦን ሲሸጥ ዛፉን የጠበቀው ገበሬ እጅ ስንት ብር እንደሚገባ ጠይቃችሁ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ