ፎርጌት ሚ ኖት ከፍ ባለ መደብ ላይ አትተከልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ክረምቱ ሲወጣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ግቢዎች ፎርጌት ሚ ኖት የሚሏት ሰማያዊ አበባ ትተከላለች፤ ታኅሣሥ ላይ ደርቃ ትነቀላለች። ጥፋቱ በብርዱ ወይም በችግኝ ሻጩ ይላከካል። ብርዱ እንኳ ብዙም አይጎዳትም፤ ሚዮሶቲስ አቢሲኒካ የተባለች ዘመዷ በገዛ ደጋችን ትበቅላለች። ገዳዩ መደቡ ነው። እንደ ጽጌረዳ አፈር ተከምሮ ይተከልላታል፤ ውሃው ወርዶ ያልቃል።

በቅድሚያ ዝርያውን መለየት ይገባል። በፓኬት የሚሸጠው ዘር ብዙውን ጊዜ የደን ዝርያው ነው፤ አብቦ ዘሩን ከጣለ በኋላ ይሞታል። ረግረግ ወዳዱ ግን ለዓመታት ይቆያል። ግንዱ መሬት ለመሬት እየተሳበ ከየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ቅጠሉ በጣት ሲዳሰስ ከደኑ ዝርያ ይልቅ ለስላሳ ነው። ለምንጊዜም እርጥብ ቦታ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

መደቡ 1 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር። ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ በሚስማር አሥር ቦታ ያህል ይበሳ፤ ጨርሶ ካልተበሳ አፈሩ ታፍኖ ይሸታል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰለ ብስባሽ ጋር ይደባለቅ። ጥቁር አፈር ብቻውን አይሆንም፤ በበጋ ሲሰነጠቅ ሥሩን ይበጥሳል። አፈሩ ከዙሪያው መሬት 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቅር፤ የዘዴው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ችግኞቹ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከሉ። ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዚያ በኋላ ግንብ የሚያጠላበት ጥግ ይስማማቸዋል።

በበጋ ለዚህ መደብ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውሃ ያገለግላል። ሳሙና ወይም በረኪና የነካው ግን ቅጠሉን ያቃጥላል፤ ጨው ያለበት የፓስታ ውሃም እንደዚያው።

ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ከታየ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ተጠምቶ ነው። ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር አስቀርቶ መቁረጥና ውሃውን ማስተካከል ይሻላል፤ እንደገና ያቆጠቁጣል። በክረምት ጠላቱ ቀንድ አውጣ ነው፤ ማታ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም ነው። ዩሪያ አይጨመር፤ ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ አይሰጥም።

ለማባዛት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ከአንጓው በታች ተቆርጦ፣ የታችኛው ቅጠል ተነቅሎ፣ በብርጭቆ ውሃ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሥር ያወጣል።

ይህ ቅልጥፍናው ግን አደጋም አለው። አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ይጸድቃል፤ በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ውስጥ ዝርያው በወንዝ ዳር ተስፋፍቶ ሽያጩ እስከ መከልከል ደርሷል። ስለዚህ የተከረከመውን ወደ ቀበና ወይም ወደ ግንፍሌ ወንዝ መወርወር አይገባም። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ክው ብሎ ከደረቀ በኋላ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ይግባ።

የአትክልት ባለሙያዎች
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ