ልጄ፣ ብሩሹን አስቀምጪው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ የአያትሽን ሳጥን ከፍተሽ ያንን ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተር የሚሰጠውን ዕቃ፣ እንዳወጣሽው ነገረኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን «በሽቦ ብሩሽ ፈትጋ ልታሳምረው ነው» ሲለኝ እንቅልፌ ጠፋ። እባክሽ ብሩሹን አስቀምጪው። ግራይንደርማ ጨርሶ አይታሰብም።

«ሶሌክስ» የሚል ስላየሽበት ከፈረንሳይ መኪና የወጣ ነው ብለሻል አሉ። አትቸኩዪ። ስሙ የፈረንሳይ ነው፣ ልክ ነሽ። ግን ሶሌክስ ጀርመንም እንግሊዝም በፈቃድ ይመረት ነበር። ፔጆ 404 ላይ ሶሌክስ አለ፣ ቮልስ ላይ አለ፣ በድሮው ላንድሮቨር ላይም አለ። የተጻፈው የካርቡሬተሩ ሠሪ ስም እንጂ የመኪናው ስም አይደለም። የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠሩት ቦሽም ሉካስም እንደዚያው ናቸው፤ ዕቃቸው የብዙ ፋብሪካ መኪና ላይ ገብቷል። ስለዚህ ማን ሠራው የሚለውና ከየትኛው መኪና ወጣ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አታደባልቂያቸው።

ከስሙ አጠገብ ቁጥርና ፊደል ፈልጊ። «34 ፒአይሲቲ» ካለ ወደ ቮልስ ያደላል። «40 ፒኤ 10» ካለ ላንድሮቨርን አስቢ። የፊተኛው ቁጥር የታችኛው ጉሮሮ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ በካሊፐር ለክተሽ አረጋግጪ። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ካገኘሽ ደግሞ ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚባል አገር አልነበረም።

ጽሑፉ ቆሻሻ ስር ከሆነስ? ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክረሽ ቅባቱን ብቻ አለስልሺው። ከዚያ መብራት አጥፊና ባትሪውን ከጎን አስተኝተሽ አብሪበት። ከፊት ሲበራበት የማይታይ ፊደል ከጎን ሲበራበት ጥላ ይጥላል። ስስ ወረቀት ለጥፈሽበት እርሳሱን አጋድመሽ ብታሺበትም ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ያ ዕቃ ለስላሳ ብረት ነው ልጄ። የሽቦ ብሩሽ አንዴ ካረፈበት የጠፋው ቁጥር አይመለስም።

ይህን የምልሽ አያትሽ ጋራዥ ውስጥ የሆነውን ስላየሁ ነው። አንድ ረዳት ልጅ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሞተር ክዳን ተሰጥቶት፣ ባለቤቱን ደስ ላሰኝ ብሎ ሲፈትግ ውሎ መስታወት አስመሰለው። ቁጥሩም አብሮ ጠፋ። አያትሽ አልተቆጣም። ከክዳኑ ጋር የመጡትን ብሎኖች ሰብስቦ ተቀመጠና አንድ በአንድ አጠባቸው። ጥርሳቸውን ሲለካ ሚሊሜትር ነው። ጭንቅላታቸውን ግን የሚሊ ቺያቤ አይዘውም፤ ልክክ ብሎ የገባው የእንግሊዙ የዊትዎርዝ ቺያቤ ነው። ያኔ ሳቀ። «ሞሪስ ነው፣ ካልሆነም ኤምጂ» አለ፤ ሁለቱም የእንግሊዝ መኪኖች ናቸው። ሆችኪስ የሚባለው የፈረንሳይ ድርጅት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮቨንትሪ ውስጥ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር፤ ሞሪስ በ1923 እ.ኤ.አ. ሲገዛው ማሽኖቹ የሚቆርጡት የሚሊ ጥርስ ነበር። የእንግሊዝ መካኒክ እጅ ላይ ያለው ቺያቤ ግን ዊትዎርዝ ነው። ስለዚህ ጥርሱን በሚሊ፣ ጭንቅላቱን በእንግሊዝ ልክ ሠሩት፤ እስከ 1955ቱ (እ.ኤ.አ.) ኤምጂ ድረስም እንደዚያው ቀጠለ። ብሎኖቹ ተጥለው ቢሆን ያ ክዳን ስም አልባ ሆኖ ይቀር ነበር።

ያን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ይህን ካርቡሬተር ከምን እንዳወጣው ሳይነግረኝ አለፈ። ሁልጊዜ «እሱ ይቀመጥ» ይል ነበር፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

የአንቺንም ብሎኖች እንደዚያው እያቸው። ውፍረቱ ስምንት ሚሊ የሚመስል ሁሉ ስምንት ሚሊ አይደለም፤ አምስት አስራ ስድስተኛ ኢንች 7.94 ሚሊ ነው፣ በዓይን አይለይም። ጥርሱን ቁጠሪ። በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 20 ገደማ ከሆነ ሚሊ ነው፣ 22 ከሆነ የድሮው የእንግሊዝ ቀጭን ጥርስ፣ 24 ከሆነ ዩኤንኤፍ የሚባለው የአሜሪካ ቀጭን ጥርስ። 18 ከሆነ ግን ወይ ዊትዎርዝ ነው ወይ ዩኤንሲ የሚባለው የአሜሪካ ወፍራም ጥርስ፤ የሚለያዩት በጥርሱ ማዕዘን ነው፣ ዊትዎርዝ 55 ዲግሪ፣ ዩኤንሲ 60። ለዚያ የጥርስ መለኪያ ተዋሺ። በግምት አትወስኚ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከሥሩ ያለችውን ወፍራም ሳህን አይተሻታል? ትርፍ ቀዳዳ ያለባትን? ጠርዟ ላይ ያለው ጭረት አቅጣጫው የተዘበራረቀ ነው። ማሽን እንደዚያ አይቆርጥም። የሞረድ ጭረት ነው፤ እኔ የአያትሽ እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ካርቡሬተሩን ከሌላ መኪና አምጥቶ ለማይገጥመው ሞተር ለማስገጠም የሠራት ትመስለኛለች። ያቺ ሳህን የትኛውም የመለዋወጫ መጽሐፍ ውስጥ አትገኝም። ብሩሽ ካስነካሻት ደግሞ የእጁ ምልክት ይጠፋል። ለዚህ ነው የምጨቀጭቅሽ እንጂ አንቺን ስላላመንኩ አይደለም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ከስድስቱም ጎን ፎቶ አንሺው፣ ማስመሪያ አጠገቡ ይኑር። ማግኔት አስጠጊበትና የቱ ክፍል እንደሚይዝ ጻፊ። ጂግለሩን፣ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ብሎን፣ እንዳትፈቺ፤ ግድ ካልሽም ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር መጀመሪያ መዝግቢ፣ 125 ቢል ቀዳዳው 1.25 ሚሊ ነው ማለት ነው። ብሎኖቹ አብረውት በአንድ ከረጢት ይቀመጡ። መስኮት ክፈቺ፣ ጋዙ ራስ ያዞራል። የሳህኗን ፎቶ ለብቻ፣ ከጎን እያበራሽ፣ ቀርበሽ አንሺና ዛሬውኑ ላኪልኝ።

አባትሽ