ዜሮ ወይስ ሠላሳ?

ክቡር አዘጋጅ፣

በደብዳቤ ገጻችሁ ላይ ከሀዋሳ የጻፈው የፊዚክስ ተማሪ ስለ ኳንተም መካኒክስ ሒሳብ ያነሳቸው ጥያቄዎች እንዲሁ እንዳይታለፉ ብለን ይህን መልስ ልከናል። ተማሪው ሣጥን ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሮን የኢነርጂውን ካሬ አማካይ በሁለት መንገድ አስልቶ በአንደኛው 0፣ በሌላው 30 አግኝቷል። መምህሩን ቢጠይቅ «አንዱ ጋ ተሳስተሃል፣ ደግመህ ሥራው» ተብሏል። መቶ ጊዜ ቢደግመውም ያንኑ ያገኛል፤ የማባዛትም የኢንቴግራልም ስህተት የለበትምና። ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ሳይነገር በሚታለፍ ቦታ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። ቁጥሮቹ እንዳይበዙ ኤች ባርን (የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ኤች ለሁለት ፓይ ሲካፈል)፣ የኤሌክትሮኑን መጠነ ቁስና የሣጥኑን ርዝመት ሁሉንም 1 እናድርጋቸው። ግድግዳዎቹ 0 እና 1 ላይ ናቸው። ኤሌክትሮኑ ከግድግዳ ውጪ ስለማይገኝ የሞገድ ፈንክሽኑ (ካሬው ኤሌክትሮኑ የት የመገኘት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረን) ሁለቱም ግድግዳ ላይ ዜሮ መሆን አለበት፤ ሁለት ጫፉ እንደታሰረ የክራር ክር። ተማሪው የወሰደው ፈንክሽን ኤክስ ሲባዛ በ(1 ሲቀነስ ኤክስ) ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ ዜሮ ነው፣ ደህና። ካሬው ከ0 እስከ 1 ኢንቴግሬት ሲደረግ 1/30 ይሆናል፤ ስለዚህ ፈንክሽኑን በ30 ስኩዌር ሩት ስናባዛው ኖርማላይዝ ይሆናል፣ ማለትም የካሬው ኢንቴግራል 1 ይሆናል።

የኢነርጂው ኦፕሬተር (ፈንክሽን ተቀብሎ ሌላ ፈንክሽን የሚሰጥ)፣ ማለትም ሃሚልቶኒያኑ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሁለተኛውን ደራይቬቲቭ ወስዶ በኔጌቲቭ ግማሽ ያባዛል። በዚህ ፈንክሽን ላይ ሲሠራ የሚወጣው ቋሚ ቁጥር ነው፦ የ30 ስኩዌር ሩት። ከዚህ ተነስተን አማካይ ኢነርጂውን ብናሰላ 30 ሲባዛ በ1/6፣ ማለትም 5 እናገኛለን። ዝቅተኛው የኢነርጂ ደረጃ የፓይ ካሬ ግማሽ፣ ወደ 4.935 ነው። አማካዩ ከዚያ በታች ሊወርድ ስለማይችል 5 መምጣቱ ትክክል ነው።

አሁን የኢነርጂው ካሬ አማካይ ስንት ነው? ተማሪው በመጀመሪያው መንገድ ሃሚልቶኒያኑን ሁለት ጊዜ አከታትሎ ሠራ። የቋሚ ቁጥር ደራይቬቲቭ ዜሮ ነውና መልሱ 0 ወጣ። ግን የአማካዩ ካሬ 25 ሆኖ የካሬው አማካይ 0 ከሆነ ቫርያንሱ፣ ማለትም የሁለቱ ልዩነት፣ ኔጌቲቭ 25 ሊሆን ነው። ይህ በየትኛውም የስታቲስቲክስ ሕግ አይሆንም። በሁለተኛው መንገድ አንዱን ሃሚልቶኒያን ወደ ግራው ፈንክሽን አዛውሮ የውጤቱን ካሬ ኢንቴግሬት አደረገ፤ 30 መጣ፣ ቫርያንሱም 5 ሆነ። ትክክለኛው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ለምን አልሠራም? ሃሚልቶኒያኑ የሚቀበለው ግድግዳው ላይ ዜሮ የሚሆን ፈንክሽን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሠርቶ የሰጠን የ30 ስኩዌር ሩት ግን እስከ ግድግዳው ድረስ ቋሚ ነው፤ ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ልንሠራበት አንችልም። ኦፕሬተር ማለት ቀመሩ ብቻ አይደለም። ቀመሩ ከነተፈቀደለት የፈንክሽን ስብስብ ማለትም ከነዶሜኑ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ጠንክሮ ያስቀመጠው ነገር ይኸው ነው።

የጠፋው 30 የት እንደሄደ በእጅ ማየት ይቻላል። ኦፕሬተሩን ከቀኝ ወደ ግራ የምናዛውረው ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ ሁለት ጊዜ ሠርተን ነው፣ በየጊዜውም ግድግዳው ላይ የሚቀር ነገር አለ። ሁለቱም ፈንክሽኖች ጫፍ ላይ ዜሮ ከሆኑ የቀረው ይጠፋል፤ ኦፕሬተሩን ሄርሚሺያን (ውጤቱ ሳይለወጥ ከአንዱ ፈንክሽን ወደ ሌላው የሚዛወር) የምንለውም ለዚህ ነው። እዚህ ግን አንደኛው አይጠፋም። የፈንክሽናችን ደራይቬቲቭ 0 ላይ የ30 ስኩዌር ሩት፣ 1 ላይ ደግሞ ያው ቁጥር ኔጌቲቭ ሆኖ ነው። ልዩነቱን በቋሚው ቁጥርና በግማሽ ስናባዛ ልክ ኔጌቲቭ 30 ይወጣል። ተማሪው ያጣው 30 ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር።

ለተጠራጠረ ሌላ ማረጋገጫ አለ። ፈንክሽኑን በሳይን ሞገዶች ብንዘረዝረው ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ደረጃዎች ብቻ ይገባሉ፤ የእያንዳንዱም ፕሮባቢሊቲ 960 ሲካፈል ለ(ፓይ ሲባዛ በደረጃው ቁጥር) ስድስተኛ ፓወር ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ብቻውን 99.86 በመቶ ይወስዳል። ይህን ያየ «እንግዲያው እሱ ይበቃል» ሊል ይችላል፣ ብዙዎችም እዚህ ይሰናከላሉ። ያ ደረጃ ለኢነርጂው ካሬ የሚያዋጣው 24.3 ብቻ ነው። ሦስተኛው ሲጨመር 27.0፣ አምስተኛው ሲጨመር 28.0 ገደማ ይሆናል፤ ሙሉ ድምሩ 30 ነው። ከ6 የሚቃረበው ቀሪ የመጣው ከ0.14 በመቶዋ ነው፣ ምክንያቱም ኢነርጂው በደረጃው ካሬ፣ የኢነርጂው ካሬ ደግሞ በአራተኛ ፓወር ያድጋል።

የተማሪው ሁለተኛ ጥያቄ የቦታና የሞመንተም ኮሙቴተርን (በሁለቱ ቅደም ተከተል ተባዝተው የሚገኘውን ልዩነት) በማትሪክስ ሠርቶ ከአይ ኤች ባር ጋር እኩል አልመጣልኝም የሚል ነው። አይመጣምም። መጠናቸው የተወሰነ ሁለት ማትሪክሶችን በየትኛውም ቅደም ተከተል ብናባዛቸው ትሬሳቸው (የዲያጎናሉ ቁጥሮች ድምር) እኩል ስለሆነ የልዩነቱ ትሬስ ዜሮ ነው፤ በሌላው ወገን ያለው የአይ ኤች ባር ትሬስ ግን ዜሮ አይደለም። የሃርሞኒክ ኦሲሌተርን (እንደ ስፕሪንግ የሚወዛወዝ አካል) ማለቂያ የሌለው ማትሪክስ 4 በ4 ላይ ቆርጣችሁ ኮሙቴተሩን አስሉ፦ ዲያጎናሉ ላይ በአይ ኤች ባር አሃድ 1፣ 1፣ 1፣ ከዚያ ኔጌቲቭ 3 ታገኛላችሁ። 100 በ100 ቢሆን የመጨረሻው ኔጌቲቭ 99 ነው። ስህተቱ በመጠን ማሳደግ አይጠፋም፣ ወደ ጥግ ይገፋል። በኮምፒውተር የሚሠራ ሁሉ የመጨረሻዎቹን ረድፎች ውጤት ማመን የለበትም።

አንድ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ውጤት ያበላሸ ነገርም እንጨምር። ሃንድአውት ፎቶኮፒ በፎቶኮፒ ሲባዛ ኤች ባር ላይ ያለችው ሰረዝ ትጠፋለች። ተማሪው ተራ ኤች አድርጎ ያሰላል። በ1 ናኖ ሜትር ሣጥን ውስጥ የኤሌክትሮን ዝቅተኛ ኢነርጂ 0.376 ኤሌክትሮን ቮልት መሆን ሲገባው 14.8 ያገኛል፤ የ(ሁለት ሲባዛ በፓይ) ካሬ 39.5 ያህል ነውና።

መምህራን የሥራ ባልደረቦቻችንን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። «ሄርሚሺያን መሆኑን አረጋግጥ» የሚል ጥያቄ ስታወጡ ዶሜኑን አብራችሁ ጻፉ፤ ተማሪውም ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ዜሮ መሆኑን ሳያሳይ ሙሉ ነጥብ አይሰጠው። ሌላው፣ 0 ወይስ 30 ብሎ የሚመጣን ተማሪ ደግመህ ሥራው ብላችሁ አትመልሱት፤ ቾክ ስጡትና ሰሌዳው ላይ ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትሱን አብራችሁት ሥሩ። ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህራን፣ ሀዋሳ