ለታማሚውም ለአስታማሚውም የሚሆን አንድ ቤት እንከራይ

ወገኖቼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሆስፒታል የሚቀርብ፣ ሽንት ቤቱ እዚያው ቤት ውስጥ የሆነ አንድ ቤት ልንከራይ እየተሯሯጥን ነው። ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመም ኖሮባቸው ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ሰዎች ከነአስታማሚያቸው የሚያርፉበት ቤት ነው። ሐሳቡን የጀመርነው ሕመሙ ያለብን ሰዎችና ቤተሰቦቻችን ነን። ብቻችንን ግን አንዘልቀውም።

ሕመሙን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አልሰረቲቭ ኮላይትስ እና ክሮንስ ይባላሉ። ሁለቱም የሚመጡት የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን ሲያጠቃ ነው። ኮላይትሱ ትልቁን አንጀት ብቻ ይይዛል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊነሳ ይችላል። ተቅማጥ፣ ብዙ ጊዜም ደም የቀላቀለ፣ ቁርጠት፣ ክሳት፣ አቅም ማጣት አለው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም አይያዝም። ይህን አስረግጬ የምጽፈው ቤቱ ውስጥ ሰሃንና ብርጭቆ የተለየበት ሰው ስለማውቅ ነው።

እኛ አገር ተቅማጥ ከደም ጋር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሜባ ነው። አሜባ ብዙ ስለሆነ መጠርጠሩ ትክክል ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ተወስዶ ደሙ ሳይቆም ሲቀር ነው። ያኔም ያንኑ መድኃኒት እየደጋገመ የሚወስድ ብዙ ሰው አለ። ክሮንስ ደግሞ ከአንጀት ቲቢ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪሞችም ለመለየት ይቸገራሉ። ቁርጡን ለማወቅ ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ አንጀትን ማየት) ተደርጎ ከአንጀቱ ናሙና መወሰድ አለበት። ይህ ምርመራ በየከተማው አይገኝም። ስለዚህ ታማሚው መንገድ ይነሳል።

እኔ ኮላይትስ አለብኝ። የመጣሁት ከደሴ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየመሐሉ እናቴ ሹፌሩን እየለመነች አውቶቡሱን ታስቆማለች። መንገድ ዳር ነጠላዋን ዘርግታ ትከልለኛለች። ተሳፋሪው በመስኮት ያያል። እሷ ፊቷን ወደ እነሱ አድርጋ ትቆማለች፣ እኔን እንዳያዩኝ።

ከመንገዱ የባሰው ግን የኮሎኖስኮፒ ዋዜማ ነው። አንጀት እንዲጸዳ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት መመላለስ ነው። ያረፍነው ዘመድ ቤት ነበር። ሽንት ቤቱ የግቢው ተከራይ ሁሉ የሚጠቀምበት ነው፣ ውሃ ደግሞ በፈረቃ። እናቴ በስልክ መብራት እየመራች፣ በሌላ እጇ ጀሪካን ይዛ አብራኝ አደረች። ዘመዶቻችን ከልባቸው ነው የተቀበሉን፣ እግዜር ይስጣቸው። ሆኖም አንድ ታማሚ ያን ሌሊት በሰው ግቢ ማሳለፍ የለበትም።

ከዚያ በኋላ ያቆመኝ ቤተሰቤ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የአንጀቱን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ስጀምር ፊቴ አበጠ፣ ያየኝ ሁሉ «ተመቸሽ» ይለኛል። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እንጂ ድንገት አይቆምም። ወንድሜ የሚቀንሰውን መጠን ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ፣ በየቀኑም ያመለክትበታል። አባቴ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል። ዱባይ ያለችው እህቴ ከደመወዟ ቆርጣ ትልካለች። ሲብስብኝ እናቴ በርበሬ የሌለው የድንች አልጫና ሩዝ ለብቻዬ ትሠራልኛለች። ጠበልም ተጠምቄያለሁ። የንስሐ አባቴ «መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ» ብለውኛል፣ አላቋረጥኩም። አሁን ጋብ ብሎልኛል፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ሕመሙ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው፣ ክትትሉም አይቋረጥም።

ለዚህ ነው ስለ አስታማሚ የምናነሳው። እኛ አገር ታማሚውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ መድኃኒት የሚገዛለት ቤተሰብ ነው። ያ ሰው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ሲያድር ሁላችሁም አይታችኋል። የአስታማሚው ጉልበትና ብር ሲያልቅ ሕክምናው መሐል ላይ ይቀራል። እኔ እንደማምነው፣ መድኃኒት ከመግዛት እኩል የሚያስፈልገው አስታማሚው ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው።

የምናስበው ቤት በአንድ ጊዜ አራት ታማሚ ከአራት አስታማሚ ጋር የሚይዝ ነው። ስምንት ፍራሽ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ለማብሰያ የሚሆን ምድጃ፣ ውሃ ሲጠፋ የሚያገለግል ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ያስፈልገናል። ትልቁ ወጪ ኪራዩ ነው። አከራዮች ቅድሚያ ክፍያም ይጠይቃሉ።

ሌላው የስቶማ ቦርሳ ነው። አንዳንዱ ታማሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሰገራው በሆዱ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል። ቦርሳው በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። ሆዱ ላይ ፌስታል አስሮ ቆዳው የተላላጠ ወጣት አይቻለሁ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች፣ ያልተከፈተ ቦርሳ ከተረፈው ሰው ማግኘት ከቻላችሁ ላኩልን። መድኃኒት ግን እባካችሁ በሻንጣ አትላኩ። ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙት ውስጥ አዛታዮፕሪን የሚባለውን የሚወስድ ሰው ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት፣ ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው ደግሞ ቅዝቃዜው ተጠብቆ መጓጓዝ አለበት። ለመድኃኒት ያሰባችሁትን ብር ላኩ፣ ታማሚው በሐኪሙ ትእዛዝ እዚሁ ይገዛል።

ገንዘቡ የሚቀመጠው በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ነው። ገቢና ወጪውን በየወሩ ከነደረሰኙ እናሳውቃለን። መቶ ብርም ብትሆን ትመዘገባለች። ብር የሌላችሁ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ ወይም ድስት ብትሰጡ በደስታ እንቀበላለን። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የመጀመሪያ ጊዜ መጪዎችን መናኸሪያ ድረስ ሄዶ የሚቀበል ሰው እንፈልጋለን።

እስካሁን ሁለት ቤት አይተናል። አንደኛው ውሃ አይደርሰውም። ሁለተኛው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ደረጃውን አይችለውም። ምድር ላይ ያለ፣ ሁለት ሽንት ቤት ያለው ቤት የምታውቁ ካላችሁ ከአከራዩ ጋር አገናኙን።