ልጄን ወደ ክፍሏ መልሷት

ለትምህርት ዲስትሪክታችን ሱፐርኢንተንደንት፣

በእንግሊዝኛ ሦስት ኢሜይል ልኬልዎታለሁ። የመጣልኝ መልስ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል ብቻ ነው። ዛሬ በአማርኛ የምጽፈው እዚህ ሜሪላንድ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቼም እንዲያነቡት ነው።

ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። በክፍሏ ጥቁር እሷ ብቻ ናት። የአሜሪካዊውን ደራሲ የማርክ ትዌይንን «ሀክልቤሪ ፊን» የተባለ ልቦለድ ማንበብ ጀመሩ። ያ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ቃል መጽሐፉ ውስጥ ከ200 ጊዜ በላይ አለ። መምህሩ ምንም ሳያስረዳ ተራ በተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ አላቸው። ቃሉ በመጣ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እሷን ያያል። ያን ቀን ማታ እራት አልበላም አለች። የሹራቧን እጅጌ ስታኝክ አመሸች። ሕፃን ሳለች የተወችው አመል ነበር።

ርእሰ መምህሩ ጋ ሄድኩ። መጽሐፉ ይታገድ አላልኩም። ቃሉ ጮክ ተብሎ አይነበብ፣ አስቀድሞ ስለ ባርነቱ ዘመን ይነገራቸው ነው ያልኩት። መጽሐፉ አሜሪካ ውስጥ በታተመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ የኮንኮርድ ማሳቹሴትስ ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያው አውጥቶታል። ጭቅጭቁ እስከ ዛሬ አልበረደም። ስለዚህ ያልታሰበ ነገር ገጠመን ልትሉኝ አትችሉም።

የተሰጠኝ መፍትሔ ምንድን ነው? ልጄ ላይብረሪ ቁጭ ብላ ሌላ መጽሐፍ ታንብብ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን። የተበደለችው እሷ፣ ከክፍል የወጣችውም እሷ። ደንባችሁ አማራጭ ንባብ የሚሰጠው ወላጅ ሲጠይቅ ነው ይላል። እኔ አልጠየቅሁም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ።

መጽሐፉን እኔም ከማታ ሥራ እየተመለስኩ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አነበብኩት። 23ኛው ምዕራፍ ላይ ከባርነት ያመለጠው ጂም ስለ ትንሿ ልጁ ያወራል። በሩን ዝጊ ይላታል። ፈገግ ብላ ዝም ትለዋለች። በጥፊ ይላታል። ቆይቶ ነፋስ በሩን ከኋላዋ ድርግም ሲያደርገው ንቅንቅ አትልም። ለካ ታማ ከተነሳች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። አቅፏት ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። ታሪኩን የሚተርከው ነጩ ልጅ ሀክ፣ ጥቁርም እንደ ነጭ ለቤተሰቡ እንደሚንሰፈሰፍ የሚገባው እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው። እነዚያ ዞረው ያዩዋት ልጆች ይህን ሲያነቡ ልጄ አጠገባቸው መሆን ነበረባት። አልነበረችም።

ክፍሉ አሁን 30ኛው ምዕራፍ ላይ ደርሷል። ቀጥሎ ሀክ ራሱ የጻፈውን፣ ጂምን አሳልፎ የሚሰጠውን ደብዳቤ ይቀድደዋል። ያን ገጽ ልጄ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ታንብበው። መምህሩም ተዘጋጅቶ ይግባ። ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ አደርሳታለሁ።

የተማሪዋ እናት፣ ሜሪላንድ