ለአባቴ፦ ስለ ቀበሌው መዝገብ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስለ ደርግ ዘመን ስናወራ «ሶሻሊዝሙ ደግ ነበር፤ ያበላሹት ሰዎቹ ናቸው» ያሉኝ በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ነው መጻፌ። የእኔ እምነት ሌላ ነው፣ አባባ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። በዚያ ወንበር ላይ ቅን ሰው ቢቀመጥ እንኳ ቤቱ፣ እህሉ፣ መታወቂያውና ጠመንጃው ከአንድ ቢሮ እስከወጡ ድረስ ሕዝቡ ከፍርሃት አይድንም ነበር።

ከቤቱ ልጀምር። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፍለው እስከ ግማሽ ድረስ ቀለለለት። ይህ ለድሃው እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ እርስዎም ሁልጊዜ የሚያነሱት ይህንኑ ነው፣ አልክድም። ግን ያው አዋጅ ግለሰብ ቤት እንዳያከራይም ከለከለ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው በመንግሥት ኪራይ ቤቶች እጅ ገባ። ስለዚህ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር የተጣላ ተከራይ ዕቃውን ጭኖ የት ይሂድ? ሌላ አከራይ አልነበረም።

ዋናው ነገር ግን መዝገቡ ነው። የቤት ቁጥር፣ የአባወራው ስም፣ የልጆቹ ስምና ዕድሜ፣ የእያንዳንዱ ሥራ። ይህ ቅጽ የተሞላው ስኳር፣ ጤፍና ሳሙና በነፍስ ወከፍ ለማደል ነው፤ ዓላማው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ስንት አፍ እንዳለ የሚያውቅ መዝገብ፣ አንድ ሰው ሲጎድል ወይም አንድ ባዕድ ሲጨመርም ያውቃል። በ1969 መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 104 ለቀበሌ የጥበቃ ኮሚቴ ጨመረለት፤ የፍርድ ሸንጎውንም ሥልጣን አሰፋ። በዚያው ዓመት መጋቢት ደርግ ተቃዋሚዎቹን ሲያድን አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ማን የት እንደሚኖር መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። የተደበቀ ወጣት በሰው ራሽን የሚበላ ያልተመዘገበ አፍ ነበር። ቀበሌ ለመቀየርም የመሸኛ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ መሸኛ የሌለው በአዲሱ ቀበሌ አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበ ደግሞ ራሽን አልነበረውም። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸውን ለማግኘት አዲስ ቆጠራ አላስፈለገም፤ ዕድሜያቸው በቀበሌውና በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ተጽፎ ነበር።

አሁን ደግሞ ያ የቀበሌ ጤፍ ከየት ይመጣ እንደነበር ያስቡልኝ። እርስዎ ከተማ ሆነው በርካሽ የገዙት እህል ገበሬው ያለፈቃዱ የሸጠው ነው። የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬው የግድ የሚሸጥለትን ኮታ ይመድብ ነበር፤ ኮታው ከላይ ወደ አውራጃ፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ገበሬ ማኅበር እየተከፋፈለ ይወርድና መጨረሻ በእያንዳንዱ ጎጆ ላይ ያርፋል። ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነበር። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ምርቱ ኮታውን የማይሞላለት ገበሬ በግ ሸጦ፣ ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ፣ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ይህ በጣም ያንገበግበኛል። ነጋዴው ትርፍ ካለበት አገር ወደ ጎደለበት እንዳይጭንም ኬላ ላይ ይያዝ ነበር፤ ጎጃምን በመሰለ የእህል አገር የግል የእህል ንግድ ጭራሽ ታግዶ ነበር። ገበሬው ምርቱን ለማብዛት ለምን ይልፋ? ቢጨምር ኮታው ይጨምርበታል። ካድሬው ግን ይህን «ኋላቀርነት» ይለው ነበር።

ሰዎቹ ክፉዎች መሆናቸውን አልካድኩም፤ ደም አፍስሰዋል። ነገር ግን ክፉ ሰው በየዘመኑ አለ፤ ያን ጊዜ የተለየው እጁ ላይ የወደቀው ሥልጣን ነው። ዳኛው፣ አከራዩ፣ ባለሱቁና ዘቡ አንድ ሲሆኑ አቤት የሚባልበት ቦታ ይጠፋል። አንዱ ቢበድልዎ ወደ ሌላው መሄድ መቻል አለብዎ፣ አባባ፤ ሌላ ግን አልነበረም።

የካቲት 26 ቀን 1982 «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ሲታወጅ የግዴታ ኮታው ቀረ፤ ገበሬውም መሬቱን በጋራ ከሚያርሰው የአምራቾች ማኅበር መውጣት እንደሚችል ተነገረው። መልባ፣ ወልባ እየተባለ በደረጃ ለዓመታት የተገነባው ማኅበር በጥቂት ወራት አብዛኛው ፈረሰ። ያፈረሰው ጦር አይደለም። አባላቱ ራሳቸው ተሰብስበው መሬቱንና በሬዎቹን ተከፋፍለው ወደየማሳቸው ሄዱ።

መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። የማይስማሙበት ካለ ይጻፉልኝ፤ ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ። ለእማዬ እግሯን ስሜያለሁ ይበሉልኝ።

ልጅዎ